በፍሬም ውስጥ ያለ ፍሬም፦ ሊንኩ የት እንደሚከፈት የሚወስነው ምንድን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ሌላ ሰው በፍሬም (የብራውዘሩን ገጽ ከፍሎ በየክፍሉ የተለየ ፋይል በሚያሳይ የድረ ገጽ አሠራር) ያዘጋጀውን የቴክኒክ መመሪያ ተረክቤአለሁ። ከላይ ርዕስ የሚታይበት ቀጭን ረድፍ፣ በግራ ማውጫ፣ በቀኝ ይዘት አለው። የቀኙ ክፍል ደግሞ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከላይ የንዑስ ርዕሶች ዝርዝር፣ ከታች ጽሑፉ። ማውጫው ላይ አዲስ የጨመርኋቸውን ሊንኮች ስጫን ገጹ እዚያው ጠባቡ ማውጫ ውስጥ ይከፈታል። ‹ወደ መነሻ› የሚለው ሊንክ መመሪያውን በሙሉ፣ ከነርዕሱ ከነማውጫው፣ በቀኙ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ይከፍተዋል። በሊንኩ መዳረሻ ላይ _ፓረንት የሚለውን ቃል ስጠቀም አንድ ቦታ ላይ የቀኙን ክፍል ብቻ ይቀይራል፣ ሌላ ቦታ ላይ ሁሉንም ጠራርጎ ያጠፋል። በአንድ ጠቅታ ዝርዝሩንም ጽሑፉንም መቀየርስ ይቻላል? ወይስ ሁሉንም ትቼ እንደ አዲስ ልሥራው?»

ከሦስተኛው እጀምራለሁ፤ እሱ ከገባዎት ሌሎቹ ግማሽ መንገድ ተፈትተዋል። አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ የታጎቹን (ገጹ የሚገነባባቸውን የኮድ ምልክቶች) እና የአትሪቢዩቶቹን (በታጉ ውስጥ የሚጻፉትን ማስተካከያዎች) ስም እዚህ እንደ ድምፃቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። በፋይሉ ውስጥ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ዓይንዎን ከማያ ገጹ ላይ አንሥተው ፋይሎቹን ይመልከቱ። ማያ ገጹ ላይ የሚታየው በሳጥን ውስጥ የተደረደረ ሳጥን ነው። ብራውዘሩ የሚያውቀው ግን መስኮትን ነው። ፍሬም የሚለው ታግ አንድ መስኮት ይወልዳል። ፍሬምሴት የሚለው ታግ ግን ቦታ ያካፍላል እንጂ ማንንም አይወልድም። ግራ ያጋባዎት ይህ ልዩነት ነው።

ፍሬምን በፍሬም ውስጥ የማስገቢያ መንገዱ ሁለት ነው፤ በዓይን ሲታዩ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይለይም። አንደኛው በአንድ ፋይል ውስጥ ፍሬምሴትን በፍሬምሴት ውስጥ መጻፍ ነው። የእርስዎ የመነሻ ፋይል ይህን ያደርጋል። የውጪው ፍሬምሴት ቦታውን በረድፍ ይከፍልና ለላይኛው 80 ፒክስል ሰጥቶ የቀረውን ለታችኛው ይተዋል። በታችኛው ቦታ ላይ ሌላ ፍሬምሴት ገብቶ በዓምድ ይከፍላል፤ 220 ፒክስል ለማውጫው፣ የቀረው ለይዘቱ። ሁለተኛው መንገድ በፍሬሙ ውስጥ የሚጫነው ፋይል ራሱ ሌላ ፍሬምሴት ሲሆን ነው። የቀኙ ሳጥንዎ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ በውስጡ የሚጫነው ፋይል ዝርዝሩንና ጽሑፉን የሚለይ የራሱ ፍሬምሴት አለው።

አሁን የዘር ሐረጉን እንቁጠር። ማውጫውና ይዘቱ ሲታዩ የታችኛው ትልቅ ሳጥን ልጆች ይመስላሉ። አይደሉም፤ ያ ሳጥን መስኮት ስላልሆነ ልጅ ሊኖረው አይችልም። ርዕስ፣ ማውጫና ይዘት ሦስቱም የአንድ ወላጅ ልጆች፣ እኩል ወንድማማቾች ናቸው። ወላጃቸውም የመነሻው ፋይል የተጫነበት ዋናው መስኮት ነው። ዝርዝርና ጽሑፍ ግን የይዘት ልጆች፣ የዋናው መስኮት የልጅ ልጆች ናቸው። ካላመኑኝ የብራውዘሩን የገንቢ መሣሪያ ከፍተው ኮንሶሉ ላይ «ፍሬምስ ነጥብ ሌንግዝ» የሚለውን ያስገቡ። የሚያገኙት መልስ 3 ነው። የልጅ ልጆቹ አይቆጠሩም፣ የውስጡ ፍሬምሴትም አይቆጠርም። ከዚያ በኮንሶሉ ራስጌ ካለው መምረጫ ላይ ይዘት የሚለውን መስኮት መርጠው ያንኑ ይድገሙት፤ 2 ይላል።

_ፓረንት ማለት «ወላጄ ላይ ክፈተው» ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከዝርዝሩ ውስጥ ሲጠሩት ወላጁ ይዘት ስለሆነ የቀኙ ክፍል ብቻ ይቀየራል። ከማውጫው ውስጥ ሲጠሩት ወላጁ ዋናው መስኮት ስለሆነ ርዕሱም ማውጫውም አብረው ይጠፋሉ። ቃሉ አንድ ነው፣ የተጠራበት ቤት ግን ተለያየ። የኤችቲኤምኤል 4 (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋው አራተኛ እትም) መግለጫ _ፓረንትን ሲተረጉም «የቅርቡ የፍሬምሴት ወላጅ» በሚል መንፈስ ስለጻፈው ብዙ ሰው በአንድ ፋይል ውስጥ ያለውን የውስጡን ፍሬምሴት እንደ ወላጅ ቆጥሮታል። ብራውዘሮቹ እንደዚያ አልሠሩትም፤ መስኮትን ነው የሚከተሉት። እኔ በበኩሌ _ፓረንትን ብዙም አልወደውም። ዛሬ ልክ የሆነው ሊንክ ነገ አንድ ሰው ከመካከል አንድ ፋይል ጨምሮ አንድ ትውልድ ቢያስገባ ትርጉሙ በጸጥታ ይቀየራል። መዳረሻው የታወቀ ከሆነ በስሙ መጥራት ይሻላል።

ወደ መጀመሪያው ችግር እንመለስ። ታርጌት የሚባለው አትሪቢዩት ሊንኩ በየትኛው መስኮት እንደሚከፈት ይናገራል፤ ታርጌት ያልተጻፈበት ሊንክ እንደ _ሰልፍ ይቆጠራል፤ የሚከፈተውም በተጫኑበት መስኮት ውስጥ ነው። ማውጫው ጠባብ በመሆኑ ብራውዘሩ አይራራልዎትም። አሮጌዎቹ ሊንኮች የሚሠሩት እያንዳንዳቸው ታርጌታቸው «ይዘት» ተብሎ ስለተጻፈ ነው፤ በአዲሶቹ ላይ ግን ተረስቷል። መቶ ሊንክ ላይ መቶ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ በማውጫው ፋይል ራስጌ፣ ሄድ በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ቤዝ የሚለውን ታግ አንድ ጊዜ አስገብተው ታርጌቱን «ይዘት» ያድርጉት። ከዚያ በኋላ የራሱ ታርጌት የሌለው ሊንክ ሁሉ ወደ ይዘት ይሄዳል። የራሱ ታርጌት ያለው ግን የራሱን ይከተላል።

ቤዝ አንድ ወጥመድ አለው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። አንድ ረጅም ማውጫ ላይ «ወደ ላይ ተመለስ» የሚል ሊንክ ነበር፤ እዚያው ገጽ ላይ ወዳለ መልሕቅ (ስም ወደተሰጠው ቦታ) የሚወስድ፣ በሃሽ ምልክት የሚጀምር። ቤዙን ባስገባሁ ማግስት ያ ሊንክ ሲጫን ማውጫው ራሱ ሁለተኛ ቅጂ ሆኖ በይዘቱ ሳጥን ውስጥ ተከፈተ። ብራውዘሩ ልክ ነው፤ ታርጌት የሌለው ሊንክ ሁሉ ወደ ይዘት ይሂድ ብዬዋለሁ፣ የገጽ ውስጥ ሊንክም ሊንክ ነው። እንደነዚህ ያሉት ላይ _ሰልፍ ብለው በግልጽ ይጻፉ። ቤዝ ፎርሞችንም ይገዛል። ማውጫው ላይ የመፈለጊያ ሳጥን ካለ ውጤቱ በይዘቱ ውስጥ ይታያል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚፈለግ ነው፣ ነገር ግን አውቀውት ይሁን።

ስለ ስም ትንሽ ልቆይ፤ የሚበዛው ስሕተት የሚነሣው ከዚህ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፍሬምን ስም ግን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ብራውዘሩም ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳስለው። በላቲን ሲጽፉ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያሉ። _ቶፕ፣ _ፓረንት፣ _ሰልፍ እና _ብላንክ የተባሉት አራቱ የተጠበቁ ቃላት ብቻ ናቸው በትልቅ ቢጻፉም በትንሽ ግድ የማይሰጣቸው። ለእነሱ ሲባልም ከስር ሰረዝ የሚጀምር ስም ለፍሬም መስጠት አይፈቀድም። የኤችቲኤምኤል 4 መግለጫ የታርጌት ስም በላቲን ፊደል እንዲጀምር ይጠይቅ ነበር። የአሁኑ ደንብ ከዚያ የላላ ስለሆነ ፍሬሙን በአማርኛ «ጽሑፍ» ብለው ቢሰይሙት ይሠራል። ግን እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ፍሬሙን «ጽሑፍ» ብለው ሰይመው ሊንኩ ላይ «ጽሁፍ» ብለው ቢጽፉ፣ ወይም አንዱ «ሥዕል» ሌላው «ስዕል» ቢሆን፣ ለአንባቢ አንድ ነው፣ ለብራውዘሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። መመሪያውን ከአንድ በላይ ሰው የሚያርመው ከሆነ ለኮዱ ስም አጭር የላቲን ቃል፣ ሁሉም በትንሽ ፊደል፣ ይጠቀሙ። እዚህ ለማስረዳት ግን በአማርኛ መጥራቴን እቀጥላለሁ።

ስሙ ካልተገኘ ምን ይሆናል? ስሕተት የሚል መልእክት አይመጣም። ብራውዘሩ አዲስ ታብ ይከፍትና ያን የተሳሳተውን ስም ለታቡ ይሰጠዋል። ስለዚህ በዚያው ስም የተጻፈ ሌላ ሊንክ ሲጫኑ ሦስተኛ ታብ አይከፈትም፤ ገጹ ቀድሞ በተከፈተው ታብ ውስጥ ይገባል። ታቡ ከጀርባ ከሆነ ደግሞ ተጠቃሚው ምንም የተከሰተ ነገር አያይም፣ «ሊንኩ ሞቷል» ብሎ ይደውልልዎታል። አዲስ ታብ በራሱ ከተከፈተብዎት መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የስም ግድፈትን ይሁን።

የእርስዎን መመሪያ በሚመለከት ከግድፈትም የተለየ ነገር አለ። ከማውጫው «ጽሑፍ» ወደሚባለው የልጅ ልጅ በቀጥታ የሚጠሩ አሮጌ ሊንኮች አሉ። ይህ የሚሠራው በይዘት ውስጥ ያ ባለሁለት ክፍል ፋይል ተጭኖ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ተጠቃሚው በመካከሉ አንድ ተራ ገጽ በይዘት ውስጥ ከከፈተ፣ ይዘት አሁን ልጆች የሉትም፤ «ጽሑፍ» የሚባል መስኮትም የለም። ያው ሊንክ ከአምስት ደቂቃ በፊት በትክክል ሠርቶ አሁን አዲስ ታብ ይከፍታል። እንዲህ ያለው አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚጠፋ ብልሽት ሰውን ያሳብዳል። ለዚህ የምከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ ሊንክ የራሱን ወንድም ወይም የራሱን ወላጅ ይጥራ፣ የወንድሙን ልጅ ግን አይጥራ። ማውጫው ይዘትን ይጥራ፤ ዝርዝሩ ጽሑፍን ይጥራ።

«ወደ መነሻ» የሚለው አሁን ግልጽ ሳይሆንልዎት አይቀርም። የመነሻው ፋይል ፍሬምሴት ነው፤ ወደ ይዘት ሲጭኑት እዚያው ውስጥ ሙሉ ቤተሰቡን ደግሞ ይወልዳል። በውስጡ «ይዘት» የሚባል ሁለተኛ መስኮት ስለሚፈጠር ስሙም ይደገማል፣ ከዚያ ወዲያ የትኛው ሊንክ የት እንደሚከፈት መገመት ከንቱ ድካም ነው። ወደ ፍሬምሴት ፋይል የሚወስድ ሊንክ ሁሉ ታርጌቱ _ቶፕ ይሁን። _ቶፕ ስንት ትውልድ ወርደው ቢቆሙም በቀጥታ ወደ ዋናው መስኮት ይወጣል።

አሁን በአንድ ጠቅታ ሁለት ፍሬም ስለመቀየር። ሊንክ አንድ አድራሻና አንድ ታርጌት ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ታርጌት በነጠላ ሰረዝ ለይቶ መጻፍ የሚባል ነገር የለም። ያለ ጃቫስክሪፕት፣ በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ነው፣ የሚደረገው ዘዴ ሁለቱን ልጆች ትቶ ወላጃቸውን መቀየር ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ትንሽ የፍሬምሴት ፋይል ያዘጋጃሉ፤ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም፣ ሥራውም «ከላይ የምዕራፍ ሦስትን ዝርዝር፣ ከታች የምዕራፍ ሦስትን መግቢያ ጫን» ማለት ብቻ ነው። የማውጫው ሊንክ ያንን ፋይል ወደ ይዘት ይጠራዋል። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው የቀኙን ክፍል በተለየ ፋይል የሠራው ለዚሁ ብሎ ይመስለኛል፤ አስቦበታል። ሁለቱንም በአንድ ፋይል ቢጨፈልቀው ኖሮ ይህ ዘዴ አይሠራም ነበር፣ ምክንያቱም ሁለቱን ብቻ ለይቶ የሚያቅፍ መስኮት አይኖርም።

በጃቫስክሪፕት ከሆነ፣ ከዝርዝሩ ወይም ከማውጫው ላይ ሊንኩ እንደ ወትሮው አንዱን ፍሬም ይቀይር፤ ሲጫን የሚቀሰቀሰው ትእዛዝ ደግሞ በወላጁ በኩል ሁለተኛውን ፍሬም አግኝቶ አድራሻውን ይቀይርለት። እዚህ ላይ ሰው የሚዘነጋው የ«ተመለስ» አዝራርን ነው። ብራውዘሩ የፍሬሞቹን ታሪክ በአንድ ሰንሰለት ይይዘዋል። ሁለቱንም በተራ መንገድ ከቀየሩ ሁለት እርምጃ ይመዘገባል፤ ተጠቃሚው አንዴ «ተመለስ» ሲል ጽሑፉ ወደ ኋላ ሄዶ ዝርዝሩ ባለበት ይቀራል፣ ሁለቱ ክፍሎች ስለ ተለያየ ምዕራፍ ያወራሉ። ሁለተኛውን ፍሬም ሲቀይሩ ሎኬሽን ሪፕሌስ የሚባለውን ይጠቀሙ፤ በታሪኩ ላይ አዲስ እርምጃ ሳይጨምር ያለውን ይተካዋል። በዚህም ቢሆን ተመልሶ ሲመጣ የተተካው ክፍል ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። እኔ ስለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የፊተኛውን፣ የትንንሽ ፋይሎቹን ዘዴ የምመርጠው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ።

ይህን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ሲሞክሩት አንድ ነገር ሊያታልልዎት ይችላል። ፋይሎቹን ከዲስክ ላይ በቀጥታ ከከፈቷቸው የታርጌት ሊንኮቹ ይሠራሉ፣ ጃቫስክሪፕቱ ግን ወደ ሌላው ፍሬም እንዳይደርስ ይከለከላል። ክሮምም፣ ከ2019 ወዲህ ፋየርፎክስም፣ ከዲስክ የተከፈተን እያንዳንዱን ፋይል እንደ ባዕድ ነው የሚያዩት። ኮዱን ሳይነኩ መጀመሪያ በአካባቢያዊ ሰርቨር (በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ የድረ ገጽ ሰርቨር) ላይ አስቀምጠው ይሞክሩት።

አልጠየቁኝም እንጂ የፍሬም ትልቁ ሕመም አድራሻው ነው። ተጠቃሚው አምስት ምዕራፍ ወርዶ ቢያነብም የአድራሻው ሳጥን የሚያሳየው መነሻውን ብቻ ነው። ያነበበውን ለባልደረባው ሊልክ አይችልም። በሌላ በኩል የፍለጋ ሞተር የሚያገኘው የጽሑፉን ፋይል ብቻውን ነው፤ ከዚያ የመጣ ሰው ያለ ማውጫ፣ ያለ ርዕስ፣ ወላጅ አልባ ገጽ ላይ ይወድቃል። ለሁለቱም የነበረው መፍትሔ ከመነሻው አድራሻ በኋላ የጥያቄ ምልክት አድርጎ የተፈለገውን ገጽ ስም ማስከተልና መነሻው ፋይል ያንን አንብቦ በይዘት ውስጥ እንዲጭነው ማድረግ ነው።

የዚህ ዘዴ ታዋቂው ምሳሌ የጃቫ ቋንቋ መመሪያዎችን የሚያመነጨው ጃቫዶክ ነው። አቀማመጡም ከእርስዎ ጋር ቅርብ ነበር፤ ከላይ በግራ የጥቅሎች ዝርዝር፣ ከሥሩ የተመረጠው ጥቅል ውስጥ ያሉ ክላሶች፣ በቀኝ ዋናው ገጽ። ጥቅል ሲጫኑ የሥሩ ዝርዝር ብቻ ይቀየር ነበር፤ ክላስ ሲጫኑ የቀኙ ብቻ። እያንዳንዱ ሊንክ ወንድሙን ይጠራ ነበር እንጂ ሌላ አይነካም ነበር፤ ለዚህም ነው ለዓመታት ሳይፈርስ የኖረው። ነገር ግን ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ጽሑፍ በሚገባ ሳይመረምር ይጭነው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2013 የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘበት። ተንኮለኛ ሰው የታመነውን ድረ ገጽ አድራሻ ወስዶ ከኋላው የራሱን ገጽ በመቀጠል በዚያ ድረ ገጽ ፍሬም ውስጥ ሊያስከፍተው ይችል ነበር። የጃቫ ባለቤት የሆነው ኦራክል ቀድመው የታተሙትን ገጾች ሳይቀር የሚጠግን መሣሪያ ለማውጣት ተገድዷል። እርስዎም ይህን ዘዴ ከተጠቀሙ የሚመጣውን ስም ካዘጋጁት የገጾች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ መነሻውን ብቻ ይጫኑ።

ወደ ውጭ ድረ ገጾች የሚወስዱ ሊንኮችን ወደ ይዘት አይላኩ። ብዙ ድረ ገጾች ዛሬ በሌላ ሰው ፍሬም ውስጥ መታየትን በሰርቨራቸው ምላሽ ላይ በግልጽ ይከለክላሉ፤ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል ወይም «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚል ነገር ይታያል። ክልከላው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2008 ክሊክጃኪንግ የተባለው ማታለያ ከታወቀ በኋላ ነው፤ እውነተኛውን ገጽ በማይታይ ፍሬም ከላይ አንጥፎ ሰውን ሳያውቅ አዝራር ማስጫን። በእርስዎ በኩል የሚታረም ነገር የለም፤ ታርጌቱን _ብላንክ (በአዲስ ታብ የሚከፍተው) ወይም _ቶፕ ያድርጉት።

ወደ ፋይሉ ከገቡ አይቀር ሁለት ነገር ይመልከቱ። በረድፍና በዓምድ ልኬት ውስጥ ቢያንስ አንዱ ኮከብ (የቀረውን ቦታ የሚወስደው * ምልክት) ይሁን፤ ሁሉንም በፒክስል ከወሰኑ ብራውዘሩ ድምሩን ከመስኮቱ ስፋት ጋር ለማስማማት ሁሉንም በመጠኑ ይለጥጣል ወይም ይጨምቃል፣ 80 ያሉትም 80 አይሆንም። ሁለተኛው፣ የፍሬምሴት ፋይል ቦዲ የሚባለው ክፍል የለውም፤ ፍሬምሴቱ ነው ቦታውን የሚይዘው። ከፍሬምሴቱ በፊት አንዲት የምትታይ ፊደል፣ የተረሳች አራት ነጥብም ብትሆን፣ ካለች ብራውዘሩ ቦዲ እንደተጀመረ ይቆጥርና ፍሬምሴቱን በሙሉ ይተወዋል። ውጤቱ አንዲት አራት ነጥብ ያለችበት ባዶ ገጽ ነው።

ይጣል ወይስ ይቆይ ለሚለው፣ ፍሬም ከኔትስኬፕ ናቪጌተር 2.0 ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 መጥቶ በ1997 መጨረሻ በኤችቲኤምኤል 4.0 ደንብ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ደግሞ ፍሬምሴትንና ፍሬምን ጊዜ ያለፈባቸው ብሎ ከደንቡ አወጣቸው። ብራውዘሮቹ አሁንም ያሳዩአቸዋል፤ ነገ ጠዋት አይጠፉብዎትም። ጃቫዶክ ራሱ ግን በ2019 በወጣው 13ኛው እትም ፍሬሞቹን ተሰናብቷል። ስለዚህ የዛሬውን ብልሽት ዛሬ ይጠግኑ፤ ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ይቀይሩት፣ እንደ አዲስ መጀመር ግን አያስፈልግም።

ቅየራው የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም፣ ምክንያቱም አይፍሬም፣ በተራ ገጽ ውስጥ አንድ ፍሬም የሚያስገባው ታግ፣ በደንቡ ውስጥ አለ፣ ስምና ታርጌትም እንደ ድሮው ይሠሩለታል። የመነሻውን ፋይል ቦዲ ያለው ተራ ገጽ ያድርጉት። ርዕሱንና ማውጫውን በቀጥታ ገጹ ውስጥ ይጻፏቸው፤ ያንን 80 እና 220 ፒክስል በሲኤስኤስ (የገጽ ቅርጽ መወሰኛ ቋንቋ) ግሪድ ይስጡ። ለይዘቱ ብቻ አንድ አይፍሬም አስገብተው ስሙን «ይዘት» ይበሉት። ማውጫው ውስጥ የነበረውን ቤዝ ወደዚህ ገጽ ራስጌ ያምጡት። በመቶ የሚቆጠሩት የይዘት ገጾችዎ አንዳቸውም ሳይነኩ በቦታቸው ይሠራሉ። ዝርዝርና ጽሑፍ የተከፈለውንም ባለበት ሊተዉት ይችላሉ፤ ወይም ምዕራፍ በምዕራፍ እየተዘዋወሩ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ያዋህዱት፣ ዝርዝሩ ከላይ፣ ጽሑፉ ከሥር፣ በመካከላቸውም የገጽ ውስጥ መልሕቅ። ያን ጊዜ በአንድ ጠቅታ ሁለት ፍሬም የመቀየሩ ጥያቄ ራሱ ይጠፋል።

ሲቀይሩ ማውጫው ውስጥ _ፓረንት የሚል ሊንክ ቀርቶ እንደሆነ ይፈልጉ። ማውጫው አሁን የዋናው መስኮት አካል ስለሆነ ወላጅ የለውም፤ ወላጅ የሌለው _ፓረንት ደግሞ እንደ _ሰልፍ ይቆጠራል። ለአይፍሬሙም ታይትል የሚለውን አትሪቢዩት ይስጡት፤ በስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ሰው ሳጥኑ ምን እንደያዘ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ሳንድቦክስ የሚባለውን ጥበቃ ካከሉበት ግን፣ ወደ ዋናው መስኮት መሻገርን ለብቻው ካልፈቀዱ በስተቀር ከይዘቱ ውስጥ የሚነሡት የ_ቶፕ ሊንኮች ይታሰራሉ፤ «ወደ መነሻ» እንደገና እምቢ ካለዎት መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ።